የልብስ ሰፊዋ ጭስ

በዚያ ሰፈር ብርድ ሲገባ ሰው የሚታማው በጭስ ማውጫው ነው። የማን ቤት ይጨሳል፣ የማን ቤት ቀዝቅዟል፤ ጠዋት ቧንቧው ጋ ወሬው ይኸው ነው። ወሬ ቀዶ በመስፋት ደግሞ ልብስ ሰፊዋን የሚያህላት የለም። አምና የባልቴቷ ጭስ ማውጫ ዝም ሲል፣ «እትዬ ለወፍ አከራዩት መሰለኝ!» ብላ፣ የባልቴቷን እጅ ማፋተግ እያስመሰለች ሴቱን ሁሉ በሳቅ ገደለችው። ሳቁ ሲያልቅ ሰው አፍሮ ለባልቴቷ ማገዶ አዋጣ። እሷ ግን ትዝ የሚላት ሳቁ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ተራው የሷ ሆነ። ማገዶ የሚፈልጠው ባሏ ነበር። ደረቱን ታሞ ከተኛ ወዲህ መጥረቢያው በር ጥግ ዝጓል፤ መርፌዋ የምታመጣውም ከመድኃኒት አልፎ ለማገዶ አይተርፍም። ታዲያ ምን ታድርግ? ከጓሮ እርጥብ ቅጠል እየለቀመች ምድጃው ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ነበልባል የለ፣ ሙቀት የለ፣ ጭሱ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል። እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም የሚል ይምጣና ይመልከት! የጭሱ ግማሽ ደግሞ ወደ ቤት ይመለሳል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታሞቂኝ ነው ልታጥኚኝ?» ይላል ባልየው እየሳለ።

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል።»

አልጋው ሥር ግን ለክፉ ቀን ብላ ሦስት ደረቅ ፍልጥ ደብቃለች። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። የባሏ ጥርስ ይንገጫገጭ ጀመር፣ ከንፈሩ ጠቆረ። «ክፉው ቀን ይሄ ነው» ብላ ፍልጦቹን ጎትታ አወጣች። ክብሪት ስትፈልግ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤቷ የአናጺው ሚስት ናት፣ አራሷ፤ ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ።

«እትዬ፣ ማገዷችን በዝናቡ ራሰ። ሰውየው እስኪመጣ ትንሽ አበድሪኝ? የትም አልሄድኩም፤ የእናንተ ቤት ጭስ ጠፍቶ አያውቅ!» ዓይኗ ፍልጦቹ ላይ አረፈ።

ለልብስ ሰፊዋ ነገ ቧንቧው ጋ ሌላ ሴት እሷን ስታስመስል፣ ሴቱ ሲስቅ ታያት።

«ንገሪያት» አለ ባሏ ከአልጋው።

«ምኑን ነው የምትነግሪኝ?» አለች አራሷ።

«እንጨቱ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ አንድ ባንድ ማግጂው ነው የሚልሽ።» ሦስቱንም አሳቀፈቻት። «ውሰጂ እባክሽ፣ እኛ ቤት ምን ጠፍቶ!»

«ተባረኪ እትዬ! እናንተ ቤትማ ብርድም አያውቃችሁ» እያለች ሄደች።

ባሏ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ «ካፖርቴን ደርቢልኝ» አለ። ደረበችለት። የራሷንም ሹራብ አውልቃ ጨመረችለት። እግሩን ስትዳስሰው ድንጋይ ነው።

በመስኮት ስታይ ከአናጺው ቤት ቀጭን፣ ዓይን የማይሞላ ጭስ ይወጣል፤ ደረቅ እንጨት ጭሱ እንደዚያ ነው። የሷ ጭስ ማውጫ ግን ዝም ብሏል። ሰው ደግሞ ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ደርሷል፤ ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም።

ቅርጫቷን አነሳችና ያለሹራብ ቅጠል ልትለቅም ወደ ጓሮ ወጣች።