ቀኑ ክፍት የነበረው ወረቀት

ኡስታ በሽንዲ የስፌት መኪና ሲጠግኑ ካቻቢቴ ለማንሳት አይቸኩሉም። መጀመሪያ ጆሯቸውን አስጠግተው መዘውሩን አንዴ ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። ከዚያ ከመርፌው ሥር ያለውን ክዳን ፈትተው የተጠራቀመውን ብናኝ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርጋሉ። መርፌው እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተመልሶ ሲወጣ ከታች የሚዞረው መንጠቆ ጫፉ ከመርፌው ቀዳዳ ትንሽ ከፍ ብሎ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ክሩን አይይዝም፣ ስፌቱ ይዘላል። ቡሎኑን ያላላሉ፣ መንጠቆውን በአውራ ጣታቸው ገፋ ያደርጋሉ፣ መልሰው ያጠብቃሉ። አንድ ጠብታ ዘይት። በቁራጭ ጨርቅ ይሞክሩና ስፌቱን በጥፍራቸው ይፍቁታል።

«ዝም አለች» ይላሉ። ዝም ካለች ድናለች ማለት ነው።

እስክንድርያ ውስጥ ይህን ሥራ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ «ኡስታ» ማለት በእኛ ዘንድ የእጅ ሙያ መምህር ነው፤ እኔም ሙያውን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ያኔ አጣሪን ሰፈር በየደረጃው ሥር ልብስ ሰፊ ነበር። ቅዳሜ ሸሚዝ ሰፊዎቹ ዘንድ፣ እሑድ የሙሽራ ቀሚስ ቤት፣ ሰኞ ከትራሙ ማዶ ሱሪ ሰፊዎቹ ጋ። በደረሱበት ሁሉ ፉል ይቀርባል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ቀልዱ ከመኪናው ጩኸት በላይ ይሰማል። አርባ አለቃ ነበራቸው፤ አንዱም ሊያባርራቸው አይችልም።

ኡስታ ወገባቸው ተይዞ ሦስት ሳምንት የተኙ ጊዜ ግን ባለቤታቸው ነበዊያ በልጃቸው ስም ጠርተው ቁርጡን ነገሯቸው።

«የሱሄር አባት፣ ደመወዝተኛ ሲታመም ታማሚ ይባላል። አንተ ስትታመም ሥራ ፈት ነህ።»

በዚያው ሰሞን ከከተማው ውጭ የተከፈተ የሸሚዝ ፋብሪካ ቋሚ ጠጋኝ ፈለገ። ኢንሹራንስ አለው፣ ጡረታ አለው፣ አውቶቡስ በር ድረስ ይመጣል። ኡስታ ወር ሙሉ አመነቱና ደንበኞቻቸውን ሊሰናበቱ ዞሩ።

«ባጅ አንጠልጥለህ ስትመጣ፣ በቀጠሮ ነው የምናስገባህ» አላቸው ሱሪ ሰፊው መግዲ።

በመጀመሪያው ቀን የፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ረእፋት ውሉን አስፈረማቸውና ሌላ ቁራጭ ወረቀት ገፋላቸው።

«ይሄስ?»

«የሥራ መልቀቂያ ነው።»

«ገና አልገባሁም እኮ።»

«ልማድ ነው ኡስታ። ሰው ሁሉ ሲገባ ይፈርማል። ቀኑን ክፍት ይተዉት፤ ያስፈለገ ዕለት እኛ እንሞላዋለን።»

«ማንን ያስፈለገ ዕለት?»

ረእፋት ሻዩን አማሰለ። «እኔም ፈርሜያለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኡስታ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ስፌት እንደሚያዩ አዩት። ፈረሙ። ከዚያ ክፍቱ ቦታ ላይ የዚያኑ ዕለት ቀን ጻፉ።

«ምን አደረጉ ኡስታ?»

«የዘለለ ስፌት አስረክቤ አላውቅም» አሉና ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ቤት ሲገቡ ነበዊያ ጠየቋቸው፤ «አውቶቡሱ እንዴት ነው?»

«ለስላሳ ነው። መመለሻውን ግን አላየሁትም።»

ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። በአራተኛው ቀን ነበዊያ የዘይቱን ጠርሙስ ሞልተው ኡስታ የሥራ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት።

ዛሬ ኡስታ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የላቸውም። «ወገቤ ከነበዊያ ጋር ወግኗል» ይላሉ። ልብስ ሰፊዎቹም የሉም፤ በደረጃው ሥር አሁን የሚሸጠው የስልክ ሽፋን ነው። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርሳቸውን ይዘው በድሮው መንገድ ያልፋሉ፤ አብሬያቸው ከሄድኩ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር፣ የማን ሻይ ይመርር እንደነበር ይነግሩኛል።

ስለ እሳቸው እየጻፍኩ መሆኑን ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ፦

«እንግዲያው ለሚያነቡት ንገርልኝ። የእናቱ የእግር ስፌት መኪና ጨርቅ ለብሳ ጥግ የቆመችበት ሰው ካለ፣ እባክህ ለቆራሌው አትስጣት በለው። መዘውሯን ወደ ራሱ አንዴ ያዙራት። ከከበደችው ይጥራኝ። ቅዳሜ ክፍት ነኝ።»