ግማሽ ሰዓት የሚቀድም ካሜራ

አባቴ የሞተው መናኸሪያ በሚገኘው የጨርቅ ሱቁ ውስጥ፣ ብቻውን ሆኖ ነው። ሱቁ ውስጥ ካሜራ ነበረ። ካሜራው ያየውን በኋላ እኔና እናቴ አየነው። እኔ እስከ ዛሬም አየዋለሁ፤ ዓይኔን ብጨፍንም አይተወኝም።

ካሜራውን ያስገጠመው የእናቴ ወንድም ነው። ያን ጊዜ ሐዋሳ ውስጥ ካሜራ የሌለው ነጋዴ እንደ ኋላ ቀር መታየት ጀምሮ ነበር። አባቴ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ቆሜ ምን ካሜራ ያስፈልገኛል እያለ ቢያጉረመርምም እሺ አለ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ በሐበሻ እንዲሆንለት። ቴክኒሺያኑ ሰዓቱን በእጁ ሞላ። የካሜራው መቅረጫ ማሽን ግን ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ወደ ፈረንጅ ሰዓት እየመለሰ አስቸገረው። በመጨረሻ ዘዴ አገኘ። ማሽኑ "አገርህ የት ነው?" ብሎ ከሚያቀርበው ዝርዝር ውስጥ፣ ከእኛ ስድስት ሰዓት ገደማ ወደ ኋላ የምትቀር አንዲት የሩቅ ደሴት መረጠለት። ደሴቲቱ ሰዓቷን ከጎረቤቶቿ በግማሽ ሰዓት ነጥላ እንደምትቆጥር ማን ያውቃል? ቢያውቅስ፣ እኛ አገር ስለ ግማሽ ሰዓት ማን ይጣላል? ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የመጣ ሰው እኮ ጨዋ ነው።

በዚያን ዕለት እናቴ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ሐዘንተኛዋ እያለቀሰች የባሏን ነገር ስታወራ የእናቴ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጠራ። አውጥታ የአባቴን ቁጥር አየች። ለቅሶ ቤት ስልክ ማንሳት ነውር ነው፤ ቁልፍ ጠፍቶበት ይሆናል ብላ ድምፁን አጠፋችና መልሳ ከተተችው። ስልኩ የጠራው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ነበር።

የእኛ ድንኳን ከተነሣ በኋላ አጎቴ ሱቅ ሄዶ የካሜራውን ቀረጻ አየና እየተቻኮለ መጣ። ካሜራው ከበሩ በላይ ስለተሰቀለ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ወለል አይታይም። አባቴ ግን ስምንት ተኩል ላይ ጎንበስ ይላል፤ አይነሣም። ስለዚህ ስምንት ከአሥር ላይ ሲደውል ደህና ነበር አለን አጎቴ። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል በአግባቡ ቀመሰች። እኔም ተመስገን አልኩ።

ጥቂት ቀናት አለፉና እናቴ ሱቅ ውሰጂኝ አለችኝ። አወዳደቁን ማየት አልፈለገችም። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እሷን ሲጠብቅ ነበር ማየት የፈለገችው። ስምንት ከአሥርን ፈልጌ አመጣሁላት። አባቴ አንዲት ደንበኛ ፊት ቆሞ፣ እየሳቀ በሜትር ጨርቅ ይለካል። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። መለስኩት፣ አሳለፍኩት፤ ያው ነው። በማሽኑ ቆጠራ የእናቴ ስልክ እየጠራ ሳለ እሱ ጨርቅ ይለካል።

"ታዲያ ማን ነው የደወለልኝ?" አለች።

ደንበኛዋ እስክትወጣ፣ እሱም ጣቃውን ጠቅልሎ ጎንበስ እስኪል ድረስ ተመለከትኩ። ስልክ የነካበት ቦታ ጨርሶ የለም። ከዚያ የማሽኑን ሰዓት ከእጄ ሰዓት ጋር አስተያየሁ፤ ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ይቀድማል። ገብቼ የደሴቲቱን ስም ሳነብ ነገሩ ገባኝ። አባቴ የወደቀው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የደወለውም ከወደቀ በኋላ፣ ወለሉ ላይ ሆኖ ነው። ዛሬም ከምሳ በኋላ ስልክ ሲጠራ ማን እንደሆነ ሳላይ አነሣለሁ።

ማሽን አይታመንም ብዬ ላልፈው አሰብኩ። ግን እናቴ ሰዓቶቹን ሳስተያይ ፊቴን ስታነብ ነበር።

"ወድቆ ነው የደወለው" አለች።

ለእሷ የተደወለበት ሰዓት በዚህ ማሽን ስንት ላይ እንደሚውል ጠየቀችኝ። ስምንት ከአርባ አልኳት። እሱን አምጪው አለችኝ፤ አመጣሁት።

ሱቁ ባዶ ነው። ቀረጻው ድምፅ የለውም። ባንኮኒው ላይ መቀሱ ተቀምጧል። በሩ አጠገብ የተንጠለጠሉት ጨርቆች በመንገዱ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ነቅነቅ ይላሉ። ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ አባቴ ግን እዚያ ጀርባ አለ፣ ስልኩን ይዞ። መታገሥ ስላቃተኝ ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። እናቴ እጄን ያዘችኝ። በርጩማ ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

"ተይው" አለች። "ሰው ገብቶ እስኪያገኘው ድረስ አብሬው ልቀመጥ።"