ስድስት ብዬ የጻፍኩት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሃያት ላይ ጮኽኩባት። አልጸጸትም። መካነ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ስንት ቤተሰብ ዘር እንደሚፈልግ ከየጎጡ በስልክ መልእክት ይልኩላታል። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት መስመር ጻፈች።

«ስክሪፕት ነው አባባ፣ ለማሽኑ የሚጻፍ ትእዛዝ። ጽሑፉን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ለቅሞ ያወጣል።»

«ብዙ ቁጥር ቢኖርበትስ?»

«መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል።»

ወላሂ ደሜ ፈላ።

እኔም በጎረምሳነቴ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ዝናብ የከዳን ዓመት ነው፤ እህል ከሚታደልበት መጋዘን ጆንያ እሸከም ነበር። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አኀዝ ግን ከጆንያው ላይ እያየሁ ለይቻለሁ። ይህን ያየ ጸሐፊው ጋሽ ተሰማ ከየገጠሩ የመጣ፣ እህል የሚጠይቅ የደብዳቤ ክምር አሸከመኝ።

«ፊደሉን ተወው። ቁጥሩን እያየህ እዚህ ገልብጥ።»

«የትኛውን ቁጥር ጌታዬ?»

«ያገኘኸውን! ልትመራመር ነው?»

እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ከሸክም ወደ ወንበር! ከላይ ያገኘሁትን እየገለበጥኩ ሳይረፍድ ጨረስኩ።

የኛ አገር ሰው ደብዳቤ ሲያጽፍ ግን ድካሙን ነው የሚያስቀድመው። «6 ሰዓት በእግራችን ተጉዘን» ይልና፣ ሰላምታውን አውርዶ አውርዶ፣ ከታች ነው «83 ቤተሰብ ነን» የሚለው። እኔ 6 ጻፍኩ፤ ለካ ደብዳቤው ከገዛ አገሬ የመጣ ነው። ያችን ስድስት ሰዓት፣ ገደሏንም አቧራዋንም፣ እግሬ ያውቃታል። ዓይኔ ግን ያገሬን ስም ወረቀት ላይ አያውቀውም።

የእደላው ዕለት አጎቴ ይማም ካገራችን አህያ የሚነዱ ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። ሲያየኝ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አወጣ። «እንካ፣ ከስተሃል» አለኝ። በዚያ ዓመት! ቆሎው ገና አፌ ውስጥ እያለ ጋሽ ተሰማ «ስድስት ቤተሰብ፣ ስድስት ጆንያ» ብሎ ጠራ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ሰማንያ ሦስት ነን!»

«አህዮቹን ጨምረህ ነው?» ቢል ያለው ሁሉ ሳቀ።

«ስድስት ብሎ የጻፈው ማነው? ይምጣና ይቁጠረን!» አለ አጎቴ።

እኔ እዚያው ጋሽ ተሰማ አጠገብ ቆሜያለሁ። ቆሎውን ዋጥኩና የሚቀጥለውን ወረቀት ለጋሽ ተሰማ አቀበልኩት። ለወንበሬ ሳስቼ! የሚበዙት አህዮች ባዶ ጀርባቸውን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። በመኸር አገሬ ስገባ በራቸው የተዘጋ ቤቶች ነበሩ። ቁጥር አዋቂው እኔ እነሱን አልቆጠርኩም።

ይህን ስነግራት ሃያት መስመሯን አጠፋች። «‹ቤተሰብ› ከሚለው በፊት ያለውን ቁጥር ብቻ እንዲያወጣ ላድርገው።»

«እሱን ካጣስ?»

«ዜሮ ይጽፋል።»

«ዜሮ ማለት ሰው የለም ማለት ነው! ባዶውን ይተውልሽና አንቺ አንብቢው!»

«እሺ አባባ፣ አይቆጡ።»

ማሽኑ ያልቻለውን አንድ ባንድ ታነብ ጀመር። ያገሬ ተራ ሲደርስ አስቆምኳት። ከዚያ ዓመት በኋላ በቁጭት ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ እንደ ነገሩ። መነጽሬን አድርጌ፣ ጣቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ስሙን ራሴ አነበብኩት።

አራት ፊደል ነው። ያኔ የጎደለኝ አራት ፊደል ብቻ!