የሰርኬን ድምፅ ማን ወሰደው

አየር ጤና ፌርማታ ላይ ሰርኬን የማያውቅ የታክሲ ሹፌር ካለ፣ መንጃ ፈቃዱን ትናንት ያወጣ ነው። ተራ አስከባሪያችን ናት። «ቤቴል! ቤቴል! ሁለት ሰው!» ስትል ቆሼ ያለው አሞራ ይነሳል እያልን እንቀልድባት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ድምፅ ነው።

አምና እንቅርት ወጣባትና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ አዲስ ሮቦት ወዳስመጣ አንድ የግል ሆስፒታል በታክሲዬ ወሰድኳት። እንግዳ መቀበያው ላይ ሥራውን በቴሌቪዥን ያሳያሉ። ክንዶቹ የጥሬ እንቁላል ቅርፊት ልጠው ከስር ያለችውን ስስ ሽፋን ሳይነኩ ሲተዉአት አየሁ። የት እንደሚቆርጥ የሚያስበው ራሱ ነው፣ ሐኪሙ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ይከታተላል አሉን። የሰው ልጅ እዚህ ደረሰ ወይ ብዬ አማተብኩ።

እንቅርቱ ወጣ፤ ድምጿም አብሮ ሄደ። ነርቭ ተነክቷል ተባለ። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ሰርኬ ከሰሰች። ሆስፒታሉ «የወሰነው ማሽኑ ነው» አለ። ማሽኑን ያስመጣው ድርጅት «ሐኪሙ እያየ ነበር» አለ። ሐኪሙ ዶክተር ኤልያብ ምንም አላለም፤ ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን ማመን ነው ብሎ የሆስፒታሉ ጠበቃ ከልክሎታል። ቆይቶ ሆስፒታሉ «ካሳ ልክፈል፣ ጥፋተኛ ግን አልባልም» ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሰርኬ ራሷን ነቀነቀች። የምትፈልገው «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ነበር። ስንት ደመኛ ያስታረቁት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወዬሳ እንኳ ግራ ገባቸው። «በኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ማሽን ምን ጫንቃ አለው?» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር ኤልያብ ከጋሽ ወዬሳ ጋር ፌርማታው ድረስ መጣ። ጫንቃው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሟል። ሰርኬ ፊት ተንበረከከ።

«እትዬ ሰርኬ፣ ማሽኑ የሚቆርጥበትን መስመር አስቀድሞ አሳይቶኝ ነበር» አለ። «ወደ ነርቩ የተጠጋ መሰለኝ። ማቆሚያው እግሬ ስር ነው። ግን ሲሠራ እያየሁ ፈዝዣለሁ፤ ከኔ የተሻለ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። የበደልኩዎት እኔ ነኝ።»

ሰርኬ አፏን ከፈተች። ይኼኔ ከፊት ያለው ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። የሚቀጥለውም አጠፋ፤ እኔም አጠፋሁ። ረዳቶቹ ዝም አሉ፣ ሎተሪ አዟሪውም ዝም አለ። አየር ጤና በቅዳሜ ጠዋት ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፤ ሁላችንም ሰማናት። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከጫንቃው አወረደችለት። «ክሱን ግን አላነሳም፣ ልጄ። ነገ እዚያ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ይተኛል። ይህንኑ እኔ ለዳኛዋ ልንገራት ብል ማን ይሰማኛል? አንተ ንገራት።»

«እነግራታለሁ» አለ።

በቀጠሮው ቀን ችሎት ላይ ዶክተር ኤልያብ፣ የሆስፒታሉ ጠበቃ የኮቱን ጫፍ እየጎተተው፣ ተነሳ። «ማስቆም እችል ነበር፤ አላስቆምኩትም» አለ። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሰርኬ ያኔ ገና አለቀሰች። አፏ ተከፍቶ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች፤ ከችሎቱ ውስጥ ግን ከእኔ በቀር ዞር ብሎ ያያት የለም።