«በሩን ገርበብ»ን የዘፈንን ሦስት ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ በሁለት ሰው መሃል ተጣብቄ ሳለ፣ ሬዲዮው አንዲት ወጣት በአዲስ መልክ የሠራችውን የድሮ ዘፈን ለቀቀ። ከበሮው ከኮምፒውተር የወጣ መሆኑ ያስታውቃል፤ ልጅቷ ግን ድምፅ አላት። ረዳቱ ወራጅ እንዳለ ሲጠይቅ መውረጃዬ መድረሱን እያየሁ አፌን መክፈት አቃተኝ፤ ዘፈኑ ሳያልቅ መውረድ አልሆነልኝም፤ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። ጋዜጠኛው መጨረሻ ላይ የዘፈኑ ባለቤት ብሎ የጠራው የአንድ ታዋቂ ወንድ ዘፋኝ ስም ነው። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔም እስከ አሥራ አራት ዓመቴ የማውቀው እንዲሁ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጽድ በታጠረ ግቢ ውስጥ በሚገኝ ቪላ ነበር። ቪላ ስል እንዳያሳስት፤ ቤቱ በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ ቀበሌው ለሦስት ቤተሰብ አካፍሎት ለእኛ የደረሰን ሳሎኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እኔና ታናናሾቼ ያደግነው ጣሪያው ቤተ ክርስቲያን በሚያህል ሳሎን ውስጥ፣ በመጋረጃ በተከለለች አልጋ ላይ ነው። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያ መካኒክ ነበር። አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወሬ ይቋረጣል፤ እናቴ ጣቷን አንስታ ንግግሯን አየር ላይ አንጠልጥላ ትቆይና ድምፁ ሲርቅ ካቆመችበት ቃል ላይ ትቀጥላለች። እንግዳ ይስቅብናል፤ እኛ ግን ሰው ከዚህ በተለየ መንገድ እንደሚያወራ አናውቅም ነበር።

«በሩን ገርበብ» የሚባለውን ዘፈን አባቴ ከሬዲዮ የቀዳው፣ ቴፑን ከትልቁ ሬዲዮ ፊት ለፊት አፍ ለአፍ አስቀምጦ፣ ሁላችንንም እንዳትተነፍሱ ብሎ ነው። እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን፤ አውሮፕላኑ ግን አልሰማውም። ሁለተኛው ስንኝ እንዳለቀ ከላያችን አለፈና ያ ሁሉ ጉርምርምታ ካሴቱ ውስጥ ገባ። እኔ ዘፈኑን የለመድኩት ከነጉርምርምታው ስለነበር አንድ ቀን ጓደኛዬ ቤት ንጹሑን ካሴት ስሰማ አንድ ነገር ጎደለብኝ፤ የቀረው የት ሄደ ብዬ ጠይቄ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።

አሥራ አራት ዓመት በሞላኝ ጊዜ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ከሌሎች ቀበሌዎች ጋር ሊወዳደር ነበርና ዘፋኝ ሆኜ ተመረጥኩ። የሚያሠለጥኑን ጋሽ ተካ የሚባሉ፣ ድሮ በወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ የሠሩ፣ ቀጠን ያሉ ባለ ባርኔጣ ሰው ነበሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አውቶቡስ ሲጠፋ ከመገናኛ ድረስ አኮርዲዮናቸውን በጀርባቸው አዝለው በእግራቸው ይመጣሉ፤ መጥተውም ደከመኝ አይሉም። ላብ ያጠቆረውን ማንገቻ ትከሻቸው ላይ አስተካክለው የመጀመሪያውን ድምፅ ሲለቁት፣ የአቧራና የጋዝ ሽታ የማይለየው የቀበሌ አዳራሽ ሌላ ቦታ ይሆናል። እኔ «በሩን ገርበብ»ን መረጥኩ። እያንዳንዷን እስትንፋስ ከካሴቱ ላይ ልቅም አድርጌ ይዤው ስለነበር በመጀመሪያው ልምምድ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ጋሽ ተካ ብቻ አገጫቸውን አኮርዲዮኑ ላይ አስደግፈው ልክ እንደ ካሴቱ ነው አሉ። ሙገሳ አልመሰለኝም። በመንገዴ ሁሉ ሳስበው ሄድኩ።

በግቢያችን ጀርባ፣ የቪላው ሠራተኞች ድሮ ያድሩበት በነበረው ሰርቪስ ቤት ውስጥ እትዬ የሺ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናቸው። አርባ ዓመት ያልሞላቸው፣ ቀሚሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ በሶብላ የሚተክሉ፣ ከሰው ጋር ከሰላምታ በላይ የማይነጋገሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። እናቴ ኩሩ ናት ትላቸው ነበር፤ ደግሞም ስታማቸው ድምፇን ዝቅ አታደርግም።

አንድ ቀን ልብስ እያሰጣሁ፣ አንሶላውን መጋረጃ፣ የልብስ መቆንጠጫውን ማይክሮፎን አድርጌ ስዘፍን፣ ከጀርባዬ በመስኮት በኩል እትዬ የሺ «እዚያ ላይ አትውጪ፣ ውረጂ» አሉኝ። ዞር ስል እንደ መደንገጥ ብለዋል። ከዚያ፣ ላሳይሽ እንኳ ሳይሉ፣ ያቺን አንዲት ቃል ዘፈኗት። ቃሏ «ሲያልፍ» የምትለው ናት። ድምፃቸው ከላይ ተነሥቶ ደረጃ እንደሳተ ሰው ዝቅ አለ፣ ግን አልወደቀም፤ የሆነ ቦታ ላይ እግሩ ያዘ። አንሶላውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። የት እንደሚያውቁት ስጠይቃቸው መስኮቱን ዘጉት።

ሳምንት ያህል ዓይኔን ሸሹኝ። ከዚያ አንድ እሑድ፣ አባቴ ሥራ ገብቶ፣ እናቴም የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄዳ ታናናሾቼ መንገድ ላይ ሲጫወቱ፣ እትዬ የሺ በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር በደረታቸው ይዘው መጡ። ያ ትልቁ ሬዲዮአችን ክዳኑ ሲነሣ ሸክላ ያጫውታል፤ አባቴ ለአቧራ ካልሆነ በቀር አይከፍተውም። ከትራስ ልብሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሸክላ አወጡ። መሃሏ ላይ ያለው ወረቀት ተልጧል፤ ከስሙ የቀረው «የሺ» የሚለው ብቻ ነበር።

«ማጫወቻ ስለሌለኝ አሥራ ሦስት ዓመት አልሰማኋትም» አሉኝ።

የሰማሁትን ለመናገር እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው፤ ግን ይሮጣል። በእጅ ጭብጨባ የታጀበ፣ አኮርዲዮኑ ከኋላ እየተከተለ የሚያሳድደው፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን ነው። ሃያ ዓመት የሆናት አንዲት ሴት፣

በሩን ገርበብ አርጉት፣ አይዘጋ በቁልፍ፤
አየው እንደሆነ፣ በዚህ መንገድ ሲያልፍ።

እያለች ትዘፍናለች፤ «ሲያልፍ» ላይ ደግሞ ያ መውረጃ አለ። ከዚያ የአባቴን ካሴት ከፈትኩላቸው። ታዋቂው ዘፋኝ እየተንፏቀቀ፣ ሳክስፎኑ እያለቀሰለት፣ «አየው... ሲያልፍ» የሚለውን «አያት... ስታልፍ» አድርጎ ይዘፍነዋል፤ እኔ ሴት ስለሆንኩ ከራሴ ወደ «ሲያልፍ» መልሼው ነበር። እኔ ዘፈናቸውን እንደሰረቃቸው ቆጥሬ ስለተናደድኩ እሳቸውም እንዲናደዱ ጠበቅሁ። እትዬ የሺ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙትና እንደገና መልሺው አሉኝ፤ አውሮፕላኑ ሲመጣ ብቻ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም አላስተማረኝም። ሁለቱን ዘፈኖች እያፈራረቅን አራት አምስት ጊዜ ሰማናቸው፤ ምን እንደተጨመረ፣ ምን እንደተተወ አንድ በአንድ አሳዩኝ። እሳቸው የሮጡት ሸክላው እንዳያልቅባቸው ነው፤ ሰውየው ጊዜ ስለነበረው እሳቸው ያላዩትን ሐዘን ዘፈኑ ውስጥ አግኝቶበታል። መውረጃዋን የተዋትም ሳይችላት ቀርቶ ሳይሆን፣ ለተጣደፈ ሰው እንጂ ለሚጎተት ሰው ስለማትሆን ነው። ስለ እሱ ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ፈልጌ አጣሁ። ባላቸው ሲያገቧቸው አዝማሪ አላገባም ብለው ዘፈን ስላስተዋቸው ዘፈኑ ከሳቸው ጋር ሊሞት ይችል እንደነበር፣ ሰውየው ባይዘፍነው ኖሮ እኔም እንደማላውቀው ነገሩኝ።

«እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው የዘፈንኩት» አሉኝ ሸክላዋን መልሰው እየጠቀለሉ። «እሱ ደጅ ቆሞ ነው የዘፈነው። አንቺስ የት ሆነሽ ነው የምትዘፍኚው?»

መሥሪያ ቤት አዝማሪ ነበረች ተብለው እንዳይናቁ ፈርተው ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።

ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። ቤት ውስጥ የምትጠብቅ ሴት አይደለሁም፤ ደጅ የቆመ ወንድም አይደለሁም። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የግቢውን በር እንዳልዘጋው፣ አባቴ መምጫው እንደደረሰ ነግራኝ ገርበብ አድርጌ ስተወው፣ እጄ በሩ ላይ እንዳለ ድንገት ገባኝ። «አርጉት» የሚባለው ማነው? የቤቱ ልጆች ነን እንጂ! በዘፈኑ ውስጥ ትእዛዙን የምትሰማው፣ በሩን የምትከፍተው፣ ማን እንደሚጠበቅ ያልተነገራት ልጅ አለች፤ ማንም አልዘፈነላትም። እሷ ደግሞ የምትሠራው ነገር ጆሮ ማቆም ነው፤ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ይሰማ እንደሆነ ማዳመጥ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ፣ በካሴታችን ላይ አውሮፕላኑ በሚያልፍበት ቦታ፣ ዝም እላለሁ። አኮርዲዮኑም ዝም ይላል። ሰው ሁሉ እስኪያዳምጥ እጠብቃለሁ።

ጋሽ ተካ ሐሳቤን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ዝምታውን ሦስት ጊዜ አለማመዱኝ፤ የእትዬ የሺን መውረጃ ግን በልምምድ ሳላወጣ ለመድረኩ ደበቅኳት። የቸገረው የቀበሌው የኪነት ተጠሪ ነበር፤ ዘፈኑ መልእክት የለውም ብሎ ግጥሙ ይቀየር አለ። ጋሽ ተካ ምንም ሳይከራከሩ፣ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ከግንባር የሚመለሰው ዘማች መሆኑን ጓድ ሳይረዱት አይቀሩም አሉት። ተጠሪው ትንሽ አሰበና መጀመሪያውኑ ተረድቶት እንደነበር ተናገረ፤ አንዲት ፊደል ሳትነካ ዘፈኑ አለፈ።

ውድድሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀበሌዎቹን በሚያስተዳድረው በከፍተኛው አዳራሽ ነበር። ሰው መስኮት ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል። አስተዋዋቂው ዘፈኑን ከታዋቂው ዘፋኝ ስም ጋር ሲያስተዋውቅ፣ እውነተኛዋን ባለቤት ልናገር ዳድቶኝ መሐላዬ ያዘኝ። እትዬ የሺን ከኋላ፣ በነጠላቸው ፊታቸውን ጋርደው ከበሩ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ዘፈንኩ። ቦታው ሲደርስ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ግጥሙ የጠፋኝ መስሏቸው አንዳንዶች ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ እየሳሳ ሄደ፣ የሚያስለውም ሰው አቆመ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከውጭ የሚመጣ ኮቴ እንዳለ ሁሉ ጸጥ አለ። ብዙዎቹ የሚጠብቁት ሰው እንደነበራቸው ያኔ አላሰብኩትም። ከዚያ «ሲያልፍ» ብዬ ተመለስኩ፣ በእትዬ የሺ መውረጃ። የጋሽ ተካ አኮርዲዮን መግባት ሲገባው አልገባም። ዞሬ ሳያቸው እጃቸው ቁልፎቹ ላይ ደርቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ ነበር።

ሁለተኛ ወጣን። አዳራሹ ተራግፎ ወንበር ሲደራረብ ጋሽ ተካ ክንዴን ይዘው ያችን መውረጃ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ክንዴን ላስለቅቅ ሞከርኩ። ደግመው ጠየቁኝ፤ እንባዬ መጣ። ያኔ እትዬ የሺ በባዶዎቹ ወንበሮች መሃል ቀስ ብለው መጡ፤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰውታል።

«እኔ ነኝ ተካ» አሉ። «ልጅቷን ተዋት፤ አስምያት ነው።»

ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያች ሸክላ ላይ ከኋላ እየሮጠ የሚያሳድዳቸው አኮርዲዮን የሳቸው ነበር። አግብተሽ ክፍለ ሀገር ገባሽ ብለውን ነበር አሉ፤ አኮርዲዮኑንም አነሡ። ተጠሪው፣ ወንበር የሚደረድሩት ሰዎችና እኛ የኪነት ልጆች ባለንበት፣ ማይክሮፎኑ ተነቅሎ በሄደበት፣ እትዬ የሺ ያን ዘፈን ዘፈኑ። የሃያ ዓመቷ ሴት ዘፈን አልነበረም። ከዘፋኙ ዝግታውን ወስደዋል፤ የራሳቸውን መውረጃ አልተዉም፤ ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ደግሞ ዓይናቸውን ወደ እኔ አድርገው ዝም አሉ። ዝምታዬን ወሰዱት። እኔ ከያዝኩት በላይ ያዙት፣ ወንበር የተሸከመው ሰው ማስቀመጡን እስኪረሳ ድረስ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ የተከበርኩበት ቀን የለም።

ዛሬ ዜማ በመሥራት እተዳደራለሁ፤ ወጣቶች ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣልኝ ሲጠይቁኝ የት ሆነው እንደሚዘፍኑ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ስለ መድረኩ የጠየቅኋቸው ይመስላቸዋል። እትዬ የሺ ከዚያ በኋላ እስኪታመሙ ድረስ በየሳምንቱ ልምምድ ላይ ይገኙ ነበር፤ መሥሪያ ቤታቸውም አወቀ፣ ያዋረዳቸውም የለም። መንግሥት ከመቀየሩ አንድ ዓመት በፊት ዐረፉ፤ ሸክላዋን ለጋሽ ተካ ሰጥተው ነበር፤ እሳቸውም ሲሞቱ ልጆቻቸው የት እንዳደረሷት አያውቁም። ግቢያችን ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሆኗል። ያን ቀን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቴፕ የያዘ ሰው አልነበረም።

አንዳንዴ ቤት ብቻዬን ስሆን እትዬ የሺ እንደዘፈኑት ለመዝፈን እሞክራለሁ። አጀማመራቸውን አውቀዋለሁ፣ ዝግታውን አውቀዋለሁ፣ ዝምታው ጋ ስደርስ ፊታቸው ይታየኛል። ከዝምታው ሲመለሱ ግን በከፍታ ይሁን በዝቅታ፣ በየትኛው ድምፅ እንደገቡ ጠፍቶብኛል። እዚያው ላይ እቆማለሁ።