ጉርሙ የአውሮፕላን እግር ሲጠግን

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ልጻፍ ማለቴ ራሱ ድፍረት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ዛሬም ረጅም ቃል ሲመጣ እጄ ይቆምብኛል። ግን ባለቤቴ ጉርሙ ስለ ራሱ የማያወራ ሰው ነው። እኔ ካልጻፍኩት ማን ያውቅለታል ብዬ ነው።

ጉርሙ የተወለደው ጊንጪ አጠገብ፣ ጭልሞ ጫካ ሥር ነው። እንጨት ሲሸከም አደገ። አምቦ ከመጣ በኋላ ሳይክል መጠገን ያዘ። ማንም አላስተማረውም። አንድ የተጣለ ሳይክል ገዝቶ ፈታው፣ መልሶ ገጠመው፣ ሁለት ብሎን ተረፈው፣ እንደገና ፈታው። አሁን ከገበያው በታች ዛፍ ጥላ ሥር ይሠራል። ገበሬዎችም የእርሻ ዕቃ ያመጡለታል። የተሰነጠቀ ሞፈር ከሆነ በእርጥብ ጠፍር ይጠመጥመዋል። ቆዳው ሲደርቅ እንደ ብረት ጨብጦ ይይዛል።

ይህ የምጽፈው ነገር ሲሆን እኔ ትምህርት ቤት ጽዳት እሠራ ነበር። ፊዚክስ የሚያስተምረው መምህር አሻግሬ ቼኮዝሎቫኪያ ሲማር ያገኛትን ትንሽ አውሮፕላን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቶ ነበር። ሰው አይገባባትም፤ ክንፏ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። መምህሩ መሬት ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው ሬዲዮ ያዛታል። ሬዲዮ ስላለባት ደግሞ ያለ ፈቃድ አትበርም። በ1978 ዓ.ም. ብዙ ተመላልሶ ከአውራጃው ፈቃድ አገኘ፤ ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ። ተማሪው ሁሉ ያንን ቀን ይጠብቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቤተ ሙከራውን ስወለውል ጨርቄ ጅራቷን ያዘና ከቁም ሣጥን ላይ ወደቀች። ክንፏ ተነቅሎ ለብቻው ስለነበር እሱ ተረፈ። አንዱ እግሯ ግን ተሰበረ፣ እግሩ የተተከለበት የሆዷ እንጨትም ተገነጠለ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። መናገር ሲገባኝ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኳት። መንገድ ላይ ነው የገባኝ። የመንግሥት ንብረት ሰበርኩ፣ አሁን ደግሞ ይዤ ወጣሁ። ከሥራ መባረሩ ቀርቶ እስር ቤቱ ታየኝ።

"ማል ታቴ?" አለኝ ጉርሙ ፊቴን አይቶ፣ ምን ሆነሽ ማለቱ ነው።

ነጠላውን ፈታሁለት።

"ዶሮ ናት እንዴ?"

"አትቀልድ! ለቅዳሜ ካልደረሰች አለቀልኝ።"

"ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። እግር ነው አይደል? እሠራዋለሁ።"

ከሳይክል ጎማ ላይ ራጂ የሚሉትን ቀጭን ሽቦ ነቅሎ አዲስ እግር ሠራላት። ሽቦውን ከመንኮራኩሯ በላይ አንድ ዙር ጠመዘዘው፣ እንደ መርፌ ቁልፍ። ስትጫኑት ይጎብጥና ተመልሶ ይቆማል። የተገነጠለውን ሆድ ግን እንደለመደው በእርጥብ ጠፍር ጠምጥሞ ፀሐይ ላይ አሰጣት።

ዓርብ ቀትር ላይ ስመለስ ሆዷ ተጨምድዷል። ጠፍሩ እየደረቀ ሲሄድ ያንን ሸምበቆ የመሰለ ቀላል እንጨት አድቅቆታል።

"ለበሬ ነው ያሰርኩት" አለ ጉርሙ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻልኩም። መምህሩ ቤት ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። "መምህር፣ አውሮፕላኗን ሰበርኳት። የወሰድኳትም እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው እንጂ ሰርቄ አይደለም" አልኩት በአንድ ትንፋሽ። ኮቱን ለብሶ ተከተለኝ።

ቤት ገብቶ ሆዷን አየና በረጅሙ ተነፈሰ። "እትዬ ጌጤ፣ ትናንት ብትነግሪኝ እኮ ትናንት እንጀምር ነበር።" ከዚያ አዲሱን እግር በጣቱ ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። "ኦቦ ጉርሙ፣ ይኼን ከየት አመጡት?"

"ሽቦው የጎማ ራጂ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከሳይክል መቀመጫ። ሥሩ ሞላ አለው አይደል? መንገዱ ሲያንገጫግጭ መቀመጫህን እንዳያምህ።"

"የድሮው እግር ደረቅ ነበር። ሜዳችን ጉድጓዳም ነው፤ ባረፈች ቁጥር ምቱ ሆዷ ላይ ያርፋል። ይኼ ይሻላል። ግን በምን እናስረዋለን? አጥብቀን ካሰርነው ደግሞ ይገነጥላታል።"

ጉርሙ አሮጌ የሳይክል የውስጥ ጎማ አምጥቶ እንደ ቀለበት ቀለበት ቆረጠው። "ጠፍር ከያዘ አይለቅም" አለ። "ይኼ ግን ይይዛል፣ ሲመታ ደግሞ ትንሽ ይለቃል።"

መምህሩ ሳቀ። "ሰኞ ክፍል ገብተው ፊዚክሱን እርስዎ ያስተምሩልኝ!"

እሱ ሲስቅ እኔ ተነፈስኩ። ጠፍሩን ቆርጠው አወጡ፤ ከሻይ ሣጥን በተቆረጠ ስስ ጣውላ ሆዷን ከውስጥ ደገፉና በኮላ አጣበቁት። እግሩን በጎማው ቀለበት አሰሩት። እኔ ጣውላውን ይዤ ነበር፤ ኮላው ሳይይዝ ስለለቀቅኩት ጉርሙ ሁለቴ ተቆጣኝ።

ቅዳሜ በረረች። መብረሯን ሁሉም አየ፤ እኔ የምጠብቀው ማረፏን ነበር። ወደ መሬት ስትመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። "ነጠረች! ደግማ ነጠረች!" ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ስገልጥ በሁለት እግሯ ቆማለች። መምህሩ ሮጦ ገልብጦ አያት።

"አንድ ስንጥቅ የለም!" ብሎ ጮኸ።

"ፍሬን ግን የላትም" አለ ጉርሙ።

ርዕሰ መምህሩ ቀረብ ብለው "እግሯ ተቀየረ እንዴ?" አሉ።

"ሐሙስ ወድቃ ነበር" አለ መምህር አሻግሬ። "እትዬ ጌጤ ነገረችኝ፤ ባለቤቷ ከድሮው አሻሽለው ሠሯት።"

"ጎበዝ" አሉና ወደ ተማሪዎቹ ሄዱ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልተባለም። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበርና ቅዳሴው ሲያልቅ ጥቂት ልረፍ ብዬ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ተደገፍኩ። ጎረቤቴ ውባየሁ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ግቢው ባዶ ነበር።

"አንቺ ሴት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ እኮ! ደግሞ ታንኮራፊያለሽ!"

አፍሬ ነጠላዬን አስተካከልኩና አብሬያት ወደ ቤት ሄድኩ።