በሸክላ ሽፋን ላይ የተገኘችው በቅሎ

ይህ የደረሰብኝ ጃንሆይ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ዛሬም የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት ሸክላ ቤት የሚባል ነገር በተነሳ ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ ሰው ይታዘበኛል።

አባቴ የሱሉልታ ገበሬ ነበሩ። ወለላ የምትባል ዳማ በቅሎ ነበረቻቸው። ከልጆቻቸው ማንኛችንንም እንደ እሷ አሞላቅቀው አያውቁም። ያን ዓመት ከመስክ ጠፍታ ቀረች። አባባ እህል አልወርድ አላቸው። እናቴ «ሰውዬው በበቅሎ ሐዘን ሊሞትብኝ ነው!» ብላ፣ ትንሽ እንዲረሱ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ላከቻቸው።

ፒያሳ ስናልፍ አንድ ሸክላ ቤት ደጃፍ ላይ ቀጥ አሉ። መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት የዘፈን ሸክላዎች በአንዱ ሽፋን ላይ፣ ከተማው ያበደለት ወጣት ዘፋኝ ነጭ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ብልጭ አድርጓል።

«ወለላ!» አሉ አባባ።

«ኧረ አባባ፣ ወለላ ዳማ ናት፣ ይቺ ነጭ ናት!»

«ጆሮዋን እዪው! ጅብ የዘነጠለውን ጆሮዋን እኔ አላውቀውም? እንዳትታወቅ ነጭ ቀለም ቀብተዋት ነው!»

ልያዛቸው ብል ወዴት! ዘው ብለው ገብተው «ይሄ በቅሎዬ ላይ የወጣው ሌባ ማነው?» አሉ። ሸክላ ሊገዙ የመጡት ልጃገረዶች ዘፋኙን ሌባ ስላሉባቸው ሊበሏቸው ደረሱ። እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

ባለሱቁ ሳቁን እየዋጠ «ኦቦ፣ ዘፋኙን ተዉት። ሽፋኑን የሠራው ጋሽ ደምሴ ነው፤ እዚሁ ፎቅ ላይ አለ» አለን።

ጋሽ ደምሴን እጁ በቀለም ተጨማልቆ አገኘነው። ክፍሉ እስከ ጣሪያው የሸክላ ሽፋን ነው። በእጁ ያላለፈ ዘፋኝ ያለ አይመስልም። ዘፋኞቹን በቮልስዋገኑ ጭኖ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ይወጣል፤ ያገኘው ዛፍ ሥር፣ ያገኘው ከብት ላይ ያነሳቸዋል። ከዚያ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በብሩሽ ቀለም ይቀባዋል።

«ነጭ ያደረግኋት እኔ ነኝ አባቴ፣ ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው» አለ። «ከቀዩ ጽሑፍ ጋር ዳማ አልሄድ አለኝ።»

«እሷስ የት አለች?»

ራሱን አከከ። «ስንቱን ላስታውስ? ሥራው እኮ ማለቂያ የለውም!»

አባባ ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ። «እስክታስታውስ አልነሳም!»

ምን ያድርግ? ፎቶዎቹን ማገላበጥ ጀመረ። በመጨረሻ ለሽፋኑ ከመቆረጡ በፊት የነበረውን ሙሉ ፎቶ አገኘው። ከበቅሎዋ ጀርባ ወፍጮ ቤት ይታያል። «ቡራዩ!» ብሎ ሲጮህ እኔም አብሬው ጮህሁ።

በቮልስዋገኑ ሄድን። አባባ ከፊት ተቀምጠው «ፍጠን ልጄ!» እያሉ የመኪናዋን በር እንደ በቅሎ ጎን ይጠበጥባሉ።

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ፣ ወለላ ድርቆሿን ትበላለች! ሴትዮዋ «ራሷ መጥታ ነው። ባለቤቷን በየገበያው ሳስጠይቅ ከረምኩ» አሉ።

አባባ ሰላምታውንም ረሱት። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ጎኗን ፈተጉት፤ ዳማውም ቀለም እንዳይሆን ሰግተው እኮ ነው! አለቀቀም። ያኔ አንገቷን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኛ በሳቅ ፈረስን፤ አዴ ጫልቱማ ግድግዳ ይዘው ነው የሳቁት።

አባባ ግን ጋሽ ደምሴን በቀላሉ አልለቀቁትም። «መልኳን መልስላት!» አሉት። እሱም ለእሳቸው ብቻ አንድ ሽፋን እንደገና ሠርቶ ከነሸክላው ሱሉልታ ድረስ አመጣላቸው። ወለላ ዳማ ሆናለች። እሷን አጎላለሁ ሲል ዘፋኙን ከቅንድቡ በላይ ቆርጦታል። አባባ «አሁን እሷን መሰለች» ብለው ተቀበሉት።

ዛሬ አባባም ወለላም የሉም። ሽፋኑ እኔ ቤት ተሰቅሏል፤ ባየሁት ቁጥር ደስታ ይሞላኛል እንጂ አላዝንም። ቤታችን ማጫወቻ ስላልነበረ አባባ ዘፈኑን የሰሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሱሉልታ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ። «አባባ፣ የወለላ ሸክላ እኮ ነው!» ስላቸው ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያልቅ አዳመጡ።

«ድምፁስ ደህና ነው» አሉ ቅር ብሏቸው። «ስለ በቅሎዋ ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም!»